ከአሥራ አራት ቁጥር ፊት ለፊት የተገኘው ቦምብ

በዶረንቤክ መንደር ስለ ቶስ ፋን ሊስሃውት ሁለት ነገር ይባላል፦ ከቦዩ ያላወጣችው ብረት የለም፣ ከአፏም ያላወጣችው ቃል የለም። ስለ ብረቱ የሚባለው ትንሽ ተጋኗል።

ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት በካልሲ ፋብሪካ ተረከዝ ስትሰፋ ኖራ ጡረታ ወጣች። ባሏ ዮስ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ማግኔቱ እጇ የገባው እሱ በሞተ በዓመቱ ነው። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ቆማ፣ ከሥር የሚያልፈውን የጭነት ጀልባ ነጂ «ሞተርህ መንደሩን አጨሰው» ብላ ስትሰድብ የቤቷ ቁልፍ ከኪሷ ሾልኮ ውኃ ገባ። ጎረቤቷ ያኑስ፣ ጡረታ የወጣ በያጅ፣ ከአሮጌ ክሬን የወለቀ ድቡልቡል ማግኔት ከነገመዱ አምጥቶ ሰጣት። ቁልፉ የናስ ነበር፤ ናስን ደግሞ ማግኔት አያነሳውም። ያኑስ አርባ ዓመት ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ነውና ይህን ያውቃል። አልነገራትም። ወንበር አምጥቶ ድልድዩ ላይ ተቀመጠና ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትወረውርና ስትስብ አያት። በመጨረሻ ቁልፉ ቀርቶ አንድ ሳንጃ ወጣ፣ ጭቃ የለበሰ፣ ከነአፎቱ።

«ቁልፍሽን አገኘሽ?» አላት።

«አላገኘሁም። ግን በሩን በዚህ እከፍተዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ዝናብ ካልከለከላት በቀር በየቀኑ ትወጣ ጀመር፤ ዝናቡም ብዙ ጊዜ አልከለከላትም። የምታወጣውን ብስክሌት መቁጠር ስልሳ ላይ ስትደርስ ተወችው። የመንገድ ምልክት፣ ሌቦች አራግፈው የጣሉት ካዝና፣ አንዴም የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት አወጣች። ከእነዚህ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትራፊ አለ። በአርባ አራቱ መጸው ሁለት ጦር በቦዩ ግራና ቀኝ ለሳምንታት ተፋጦ ነበር፤ የተኮሱትም ያልተኮሱትም መጨረሻው ውኃው ሆነ። የብረት ቆብ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ፣ ቃታው የዛገ ሽጉጥ ሁሉ በእጇ አልፏል። ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልላ ለፖሊስ ስታስረክብ ፎጣውን መልሱልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ደውላለች።

ማዘጋጃ ቤቱ የሰጣት ፈቃድ ላይ አንድ ነገር በደማቁ ተጽፏል፦ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ካገኙ አይንኩ፣ አያንቀሳቅሱ፣ ፖሊስ ይጥሩ። ቶስ ወረቀቱን ፕላስቲክ አልብሳ መጸዳጃ ቤቷ ውስጥ፣ ከልደት ቀን መቁጠሪያው ጎን ሰቅላዋለች። የዶረንቤክ ሰው የዘመዱን ልደት የሚያስታውሰው እዚያ ተቀምጦ ነው። በመጋቢቱ ገጽ ላይ «ሪክ» የሚል ስም አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቶስ ያንን ስም አይታ፣ እጇን ታጥባ ወጥታለች።

ሪክ ታላቅ እህቷ ናት። የተጣሉት በእናታቸው ቀብር ቀን ነው። ለቀብርተኛው የምትታደለውን የጸሎት ካርድ የጻፈችው ቶስ ነበረች። ሌላው ሰው «በእምነቷ የጸናች፣ ለልጆቿ የኖረች» በሚልበት ቦታ ላይ ቶስ እንዲህ ብላ አሳተመች፦ «እናታችን ካርታ ስትጫወት መሸነፍ አትወድም ነበር። ጌታ ሆይ፣ ካርታህን ደህና አድርገህ ያዝ።» ቄሱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሪክ አልሳቀችም። ከቀብር መልስ፣ ዳቦና የአሳማ ሥጋ በቀረበበት ገበታ ላይ፣ መቶ ሰው እየሰማ፣ «አንቺ እናቴ ዘንድ ትመጪ የነበረው ለመሳቅ ነው፤ እኔ የምመጣው ላጥባት ነበር» አለቻት። እውነቷን ነው። ሪክ አራት ዓመት እናቷን አጥባለች፣ አልብሳለች፣ አጉርሳለች፤ ቶስ ብቅ የምትለው ሐሙስ ሐሙስ፣ ካርታዋን ይዛ ነበር። ነገሩን ያከፋው እውነት መሆኑ ነው።

ከሪክ በር እስከ ቶስ በር፣ በድልድዩ በኩል፣ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ነው። ቶስ ቆጥራዋለች፤ እስከ ድልድዩ መሐል ሄዳ በሁለት እያባዛች። በዶረንቤክ ከተጣሉ ሰዎች ድልድዩን ቀድሞ የተሻገረው ጥፋተኛ ይባላል፣ ይህንንም ለልጅ ልጆቹ ይነግሩበታል።

በጥቅምት ወር፣ በአንዱ ሰኞ፣ የመንደሩን አዳራሽ የምትጠብቀው ኔል ቶስን ዳቦ ቤት በር ላይ ያዘቻት።

«ሰምተሻል? ሪክ ልትሄድ ነው። ቅዳሜ የዕቃ መኪና ይመጣል። ልጇ ፍራንስ ወደ ሰሜን ሊወስዳት ነው፣ ግሮኒንገን። ቤቱን በጸደይ ይሸጡታል።»

«እዚያ እኮ የሰናፍጭ ሾርባ ነው የሚበሉት» አለች ቶስ።

ኔል ተጨማሪ ነገር ጠበቀች። አልመጣም። ኔል ይህንን ለሦስት ሰው ተናገረች፤ ቶስ ቃል አጥታ ያየኋት ያን ቀን ነው እያለች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቶስ ያኑስ ጋራዥ ገባች።

«ያኑስ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የእጅ ቦምቡን ያገኘሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

«እንዴት አይለኝ። መንገዱን ዘግተው ሁላችንንም አዳራሽ አጎሩን።»

«በአጥር ምክንያት አሥር ዓመት የተኳረፉት ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አልነበር? ወንበር ጠፍቶ።»

«አዎ። ማታ ሲወጡ አንዱ ለአንዱ መሰላል ሊያውሰው ተስማምቶ ነበር።»

«ቦምብ እፈልጋለሁ» አለች ቶስ።

ያኑስ መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቦምብ እንደ ድንች አይታዘዝም።»

«እውነተኛ አይደለም። ሲሚንቶ መጫኛው ጋ ባለፈው ያገኘነው የእሳት ማጥፊያ አለ አይደል? በገመድ ውኃ ውስጥ ያንጠለጠልነው።»

የአንድ የድሮ ጀልባ የእሳት ማጥፊያ ነበር። ወለል ላይ እንዲቆም አንድ ሰው አራት አጫጭር የብረት እግሮች በይዶበታል። ዛጎልና ዝገት ሲለብሰው፣ ከኋላ ለሚያየው እግሮቹ የቦምብ ጭራ ይመስላሉ። መጀመሪያ ሲወጣ ያኑስ ራሱ ብስክሌቱን ትቶ ነበር የሸሸው።

«ከዚያ እስከ ሪክ በር ሦስት መቶ ሜትር ነው» አለ።

«ውኃ ውስጥ ይቀላል።»

«ሰው ያይሻል።»

«ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ?»

ያኑስ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ስድስት ሰዓት ላይ ዶረንቤክ ምሳ ይበላል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳያልቅ ድንቹ ሰሐን ላይ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሌባ ቤተ ክርስቲያኑን ጠቅልሎ ቢወስድ የሚያየው የለም፤ ወጥ ቤቱ ሁሉ ከኋላ በጓሮ በኩል ነው፣ መንገዱን የሚያይ መስኮት ሁሉ ባዶ ነው። ሪክ ደግሞ በሕይወቷ አንድም ቀን ምሳዋን ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ውጭ በልታ አታውቅም።

ረቡዕ፣ ደወሉ እንደተደወለ፣ ቶስ የእሳት ማጥፊያውን ከማግኔቷ ጋር አጣብቃ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በዳርቻው ተጓዘች። የሚያያት ቢኖር ውሻ የምታናፍስ ይመስለው ነበር፣ ውሻው አይታይም እንጂ። ሁለት ጊዜ ታች ከድንጋይ ጋር ተላተመ፤ ሁለት ጊዜም ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ጎትታ አላቀቀችው። ከሪክ ቤት፣ ከአሥራ አራት ቁጥር ፊት ለፊት ስትደርስ ለቀቀችው። ወደ ቤቷ ሄዳ ቋሊማና ጎመን በላች። ስምንት ሰዓት ላይ ያኑስን አስከትላ ተመለሰች፣ ማግኔቷን ወረወረች፣ ሳበች፣ አራቱ እግሮች ብቅ ሲሉ ገመዱን ከዛፍ ጋር አስራ ፖሊስ ጠራች።

የመጣው ስታይን ነበር፣ የመንደሩ ወጣት ፖሊስ። ዳር ቆሞ አየና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ወይዘሮ ቶስ፣ እባክዎ ከዚያ ይራቁ።»

«ርቄያለሁ፣ ስታይን። ከአንተ እርቃለሁ እንጂ አልቀርብም።»

ስታይን ለቦምብ አምካኞቹ ደወለ፣ ካርታ አውጥቶ መቶ ሃምሳ ሜትር ክብ አሰመረ። የቶስ ቤት በአንድ በር ከክቡ ውጭ ቀረ። ይህ አላሳሰባትም፤ ቦምብ ያገኘ ሰው ቃሉን እስኪሰጥ አዳራሽ መቆየት እንዳለበት ከባለፈው ታውቃለች።

አሥራ ዘጠኝ ሰው ወደ አዳራሹ ገባ። ኔል ለእያንዳንዱ አንድ ስኒ ቡና ከአንድ ብስኩት ጋር ሰጥታ የቆርቆሮውን ክዳን ገጠመች። ቶስ የጥግ ጠረጴዛ ይዛ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ሌላው ወንበር ሁሉ ሞላ። ያኑስ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ሙቀት በሌለበት ክፍል ያልበዋል።

«አታልብ» አለችው በሹክሹክታ።

«ላብ እንዴት ነው የሚታዘዘው?»

ሪክ መጨረሻ ላይ ገባች። የእሁድ ካፖርቷን ለብሳለች፣ ባርኔጣ አድርጋለች፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። ስታይን ለሁሉም ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው ብሎ ነግሯቸው ነበር፤ ሌላው ሰው የመጣው በሰንደል ጫማ ነው። ሪክ ክፍሉን አየች፣ ወንበሮቹን አየች፣ ቀስ ብላ መጥታ ከእህቷ በላይ ቆመች።

«ቦርሳሽን አንሺ» አለች።

ከስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ቶስ ስንት ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባትና ቦርሳዋን አነሳች።

ብዙ ቆይተው ስታይን ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ወይዘሮ ቶስ፣ መቼ ነው ያገኙት?»

«ከምሳ በኋላ።»

«አንቀሳቅሰውታል?»

«ፈቃዴን በቃሌ አውቀዋለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ነው የማነበው።»

ስታይን ጻፈ። ሪክ ብስኩቷን ለሁለት ቆረጠች።

«ስታይን» አለች፣ «እስቲ አንድ ነገር ጠይቃት። ሦስት ኪሎ ሜትር ቦይ እያለ ለምን እኔ በር ላይ?»

«ዓሣ አጥማጅን ለምን እዚህ ያዝከው አይሉትም» አለች ቶስ።

«ዓሣ በራሱ ይዋኛል።»

ቶስ ዞር ብላ የእህቷን ፊት አየች። እዚያ ላይ የሚነበብ አልነበረም። ሪክ ግማሹን ብስኩት ወደ ቶስ ስኒ ጠርዝ ገፋችው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የአምካኞቹ አለቃ፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሳጅን፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች።

«ያገኘው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቶስ። ያኑስ ዓይኑን ጨፈነ።

«የእሳት ማጥፊያ ነው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ቶስ የሚገባውን ያህል የተገረመ ፊት ለማሳየት አፏን ስትከፍት ሳጅኗ ቀጠለች።

«ከሥሩ ግን፣ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የሞርታር ቅምቡላ ሣጥን አለ። እንጨቱ በስብሶ አልቋል። አሥራ አንዱን ቆጥረናል፣ ሁሉም የሚሠሩ ናቸው። የእሳት ማጥፊያው እግር ሁለቱን ነክቷቸዋል፤ አዲስ ጭረት አለባቸው። ምን ያህል ጊዜ እንደወረወሩ አላውቅም፣ ወይዘሮ፣ ግን ዳግመኛ ስላልሳቡት ደስ ይበልዎ። መንገዱ እስከ ዓርብ ዝግ ነው።»

ሰው ሁሉ አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ኔል ሳትጠየቅ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተች። አንድ ሁለት ሰው የቶስን ትከሻ መታ መታ አደረገ፤ ጎበዝ፣ መንደሩን አተረፍሽ፣ እያለ። ቶስ አልሰማቻቸውም። ታች ሁለት ጊዜ የተላተመውን፣ ድንጋይ ያለችውን ነገር ታስብ ነበር። ስኒዋን አንስታ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው። ሪክ እጇን ዘርግታ የእህቷን እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጭና ያዘች፣ ድሮ ዶሮ እንደምትይዘው፣ አጥብቃ እና ሌላ ቦታ እያየች።

ስታይን ዝርዝሩን ይዞ ሰዎቹ የት እንደሚያድሩ ጠየቀ። ተራዋ ሲደርስ ሪክ፣ «እሷ ዘንድ» አለች፣ በአገጯ እየጠቆመች።

ድልድዩን አብረው ተሻገሩ፤ ሪክ ሻንጣዋን ይዛ፣ ቶስ ባዶ እጇን። ወዲያና ወዲህ ያለው ሰው ማን ቀድሞ እንደሚረግጠው ለማየት ቆሞ ነበር። ጎን ለጎን ስለ ሄዱ ማንም እርግጠኛ አልሆነም፤ እስከ ዛሬም ይከራከሩበታል።

«አየሁሽ» አለች ሪክ መሐል ላይ ሲደርሱ።

«ምን አየሽ?»

«ምላስሽን ነክሰሽ ስትጎትቺ። ድሮ እማዬ የወተት ባልዲ ስታሸክምሽ እንደዚያ ነበር የምታደርጊው።»

«ምሳ ሰዓት ነበር እኮ።»

«ወጥ ቤቴ ካርቶን ውስጥ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የምበላው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ነው።»

ይህን ቶስ አላሰበችውም። ሰው ዕቃውን ሲያሽግ የት እንደሚበላ የሚያስብ ማን ነው?

«ለስታይን ለምን አልነገርሽውም ታዲያ?»

«ካፖርቴን እየፈለግሁ ነበር» አለች ሪክ።

ጥቂት ሄዱ። ሪክ ቆመችና የድልድዩን ብረት ያዘች።

«አራት ዓመት አጥቤያታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ዝም በይ፣ አልጨረስሁም። ሳጥባት በየቀኑ አንድ ነገር ትጠይቀኝ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው? ትለኛለች። አይ፣ ማክሰኞ ነው፣ እላታለሁ። ፊቷን ታዞርብኛለች። እኔ እዚያ ሳሙና ይዤ።»

ቶስ የምትቀልድበት ነገር አልመጣላትም፤ ቢመጣላትም ኖሮ ትውጠው ነበር።

«ይህን አልነገርሽኝም።»

«ምን ብዬ? አንቺን ነው የምትወደው ብዬ?»

«እጆችሽን ነበር የምታወራው» አለች ቶስ ቀስ ብላ። «ካርታ እየሰጠኋት። የሪክ እጅ ሞቃት ነው ትለኛለች። የአንቺ እንደ እንቁራሪት ነው ትለኛለች።»

ሪክ የቶስን እጅ አየች። «እንደ እንቁራሪት ነው» አለች።

ሐሙስ ከከንቲባው ዘንድ እቅፍ አበባ መጣ፣ ለጥንቃቄዎና ለዜግነት ግዴታዎ የሚል ካርድ ተያይዞበት። ሪክ ካርዱን ጮክ ብላ አነበበች፣ አበባውን ማሰሮ ውስጥ አስገባች፣ ባለፈች ቁጥርም «ውሸታም አበባ» ትለዋለች። ያኑስ ምሳ ሊበላ መጣና፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲገስጹት፣ ድሮ አንዷ ብቻ በነበረች ጊዜ ይሻል ነበር ብሎ ሄደ። ማግኔቱ ጓሮ ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ ዋለ፤ ቶስ ልትነካው አልፈለገችም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስታይን ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አልቋል። መንገዱ ተከፍቷል። ወይዘሮ ሪክ፣ ቤትዎ መግባት ይችላሉ።»

ቶስ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ። ቅዳሜ ነገ ነው።

ስልክ ጮኸ። ሪክ አነሳች፤ ፍራንስ ነበር። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ለሁሉም ይሰማል፤ መኪናው ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል ይላል።

«አይሆንም» አለች ሪክ። «መንገዱ ዝግ ነው።»

ስታይን ቆቡን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እስከ መቼ?» አለ ፍራንስ።

ሪክ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ስታይን ዞረች። «ስታይን፣ አንተ ስትወለድ እናትህን ያዋለድኋት እኔ ነኝ። እዚያ ቦይ ውስጥ ሌላ ቅምቡላ የለም ብለህ ትምላለህ?»

ስታይን መሬት መሬቱን አየ። «እንደዚያ ብዬ... መማል አልችልም።»

«ፖሊሱ እዚህ ቆሟል» አለች ሪክ ለልጇ። «ሌላ ሊኖር ይችላል ነው የሚለው። የብርዱ ወራት ይለፍና እናያለን። አዎ። አይ፣ አልፈራሁም። ሰናፍጩን ለሌላ ሰው ስጡት።»

ዘጋች። ስታይን ደህና ዋሉ ብሎ ከተለመደው ፈጠን ባለ እርምጃ ወጣ። ቶስ ድንቹን ትታ እህቷን ታይ ነበር።

«ቤትሽ እኮ ተከፍቷል» አለች።

«ወጥ ቤቱ በካርቶን ነው አልኩሽ» አለች ሪክ። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ልታነሳ ስትሄድ ቶስ ቢላዋዋን እንደያዘች ተከተለቻት፤ ሪክ ግን ሻንጣውን ከፍታ ልብሷን አንድ በአንድ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መስቀል ጀመረች። «የዚህ ክፍል መስኮት ነፋስ ያስገባል። ያኑስ ሰኞ መጥቶ ይጠግነው። አንቺም ልጣጩን እንደሱ አታወፍሪው፣ የድንቹን ግማሽ አብረሽ ጣልሽው።»